በመልቲሞድ ፋይበር መስመሮች ላይ ባንድዊድዝን ማሻሻል፦ ከመቆፈር በፊት የሚጠየቁ አራት ጥያቄዎች

ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለአካባቢው ባለሙያዎች ክፍት በሆነ መድረክ ከቀረበ ትምህርታዊ ንግግር በጽሑፍ የተዘጋጀ። በሰሌዳ ላይ የተሠሩት ስሌቶች በቃላት ተገልጸዋል።



ንግግሬን በራሴ ስሕተት ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በጅማ ዙሪያ ከሚገኙት የቡና ከተሞች በአንዷ ያለ ተቋም ኔትወርኩን ለማሳደግ ሲነሣ፣ የቴክኒክ ዝርዝሩን ካዘጋጁት የኮሚቴ አባላት አንዱ ነበርሁ። በግቢው ውስጥ ከዋናው ሕንፃ እስከ ቤተ ሙከራው ድረስ ቀደም ብሎ የተቀበረ የመልቲሞድ ፋይበር ገመድ ነበር። ገመዱ ለዓመታት በሰከንድ 100 ሜጋቢት ያለ እንከን ሲያሠራ ስለ ኖረ፣ «ፋይበር ከሆነ የፈለግነውን ፍጥነት ይሸከማል» ብለን በሰከንድ 10 ጊጋቢት የሚሠሩ መሣሪያዎች አዘዝን። ፊርማዬ ዛሬም በሰነዱ ላይ አለ። መሣሪያዎቹ በብዙ ድካም በተገኘ የውጭ ምንዛሪ ተገዝተው መጡ፤ ተገጠሙ፤ የስዊቹ አመልካች መብራትም በራ። ዳሩ ግን ከሚላከው መረጃ አብዛኛው ተበላሽቶ ይደርስ ነበር። በዚያ ክረምት የቤተ ሙከራው ሠራተኞች ውጤቶቻቸውን በፍላሽ ይዘው በዝናብ ውስጥ ከሕንፃ ወደ ሕንፃ ሲመላለሱ አየሁ።

በመጀመሪያ ሁላችንም ገመዱ ተበላሽቷል አልን። ግቢውን ቆፍሮ አዲስ ገመድ የመቅበር ሐሳብም ወዲያው ቀረበ። ገመዱ ግን አልተበላሸም ነበር። የተሳሳትነው እኛ ነን፤ ባንድዊድዝን የመስታወቱ ብቻ ጠባይ አድርገን ቈጥረነው ነበርና። ዛሬ ላስረዳ የምፈልገው ቁም ነገርም ይኸው ነው፦ ባንድዊድዝ የመላው መስመር ጠባይ ነው። መስመር ስል መስታወቱን፣ ብርሃኑ ወደ መስታወቱ የሚገባበትን ሁኔታ፣ የብርሃኑን የሞገድ ርዝመትና ተቀባዩን መሣሪያ በአንድነት ማለቴ ነው። እነዚህ አራቱ እያንዳንዳቸው አንድ ጥያቄ ይሆናሉ። አራቱን ሳይጠይቅ አካፋ የሚያነሣ መሐንዲስ፣ ሳይመረምር መድኃኒት እንደሚያዝ ሐኪም ነው።

ችግሩ የሚገኘው በመጨረሻዎቹ ጥቂት መቶ ሜትሮች ነው

ጅማ ከአዲስ አበባ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። እንዲህ ያለ ርቀት የሚያቋርጡ የፋይበር መስመሮች በዓለም ሁሉ ሲንግል ሞድ በሚባለው ፋይበር ይሠራሉ፤ የእምብርቱ ስፋት 9 ማይክሮሜትር ያህል ብቻ ሲሆን፣ ብርሃን በአንድ የጉዞ ስልት ብቻ እንዲሄድ ይፈቅዳል። ወደ ግቢ ስንገባ ግን፣ በተለይ ቀደም ብለው በተዘረጉ ኔትወርኮች፣ ሌላ ዓይነት ፋይበር እናገኛለን፤ እርሱም የእምብርቱ ስፋት 62.5 ወይም 50 ማይክሮሜትር የሆነው መልቲሞድ ነው። የሁለቱም ዓይነት የውጭ ስፋት ሽፋኑን ጨምሮ 125 ማይክሮሜትር በመሆኑ በዓይን አይለዩም። ስለዚህ መረጃ መቶዎች ኪሎ ሜትሮችን በሰላም አቋርጦ በመጨረሻው 200 ወይም 300 ሜትር ላይ ሊሰናከል ይችላል።

መልቲሞድ የተመረጠው ያለ ምክንያት አልነበረም። እምብርቱ ሰፊ ስለሆነ ብርሃን ለማስገባት ቀላል ነው፤ ኤልኢዲ የሚባለውን ርካሽ የብርሃን ምንጭ መጠቀም ይቻላል፤ ኮኔክተሩ በጥቂቱ ቢዛነፍም መስመሩ ይሠራል። በሰከንድ 10 ወይም 100 ሜጋቢት በቂ በነበረበት ዘመን ይህ ብልህ ምርጫ ነበር።

ከታሪኩ አንድ ነጥብ ብቻ ላንሣ። በ1966 እ.ኤ.አ. ቻርልስ ካኦና ጆርጅ ሆካም በእንግሊዝ አገር ባደረጉት ጥናት፣ በመስታወት ውስጥ ብርሃን የሚጠፋው በመስታወቱ ባሕርይ ሳይሆን በአብዛኛው በውስጡ ባለው ቆሻሻ ምክንያት መሆኑን አስረዱ። በ1970 እ.ኤ.አ. ኮርኒንግ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በኪሎ ሜትር 20 ዴሲቤል የሚያጠፋ፣ ማለትም ከአንድ ኪሎ ሜትር ጉዞ በኋላ ከገባው ብርሃን መቶኛውን የሚያደርስ ፋይበር ሠራ። ካኦም በ2009 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ የብርሃን መጥፋት እየቀነሰ ሄዶ ዛሬ በግቢ ርቀት ላይ እምብዛም አያሳስብም። በመልቲሞድ ላይ የሚያሳስበው የብርሃኑ መበተን ነው።

ብርሃን ለምን ይበተናል?

በአካባቢያችን የታጠበ ቡና ሲዘጋጅ ያያችሁ ሁሉ የማጠቢያውን ቦይ ታውቁታላችሁ። ፍሬው ተፈልፍሎ ከቦከ በኋላ በውኃ ቦይ ይለቀቃል፤ ቀላሉ ፍሬ ተንሳፍፎ ቀድሞ ይሄዳል፤ ከባዱና ምርጡ ፍሬ ዝቅ ብሎ ወደ ኋላ ይቀራል። በአንድነት የተለቀቀው ቡና በየፍጥነቱ ተለያይቶ ይደርሳል። ለቡናው ይህ መለያየት ደረጃ ማውጫ ስለሆነ የሚፈለግ ነገር ነው። በፋይበር ውስጥ ግን ይኸው መለያየት ጠላታችን ነው።

በመልቲሞድ ፋይበር ውስጥ ብርሃን ብዙ የጉዞ ስልቶች አሉት፤ እያንዳንዱን ሞድ እንለዋለን። በ850 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት 50 ማይክሮሜትር እምብርት ያለው ፋይበር ከ300 በላይ ሞዶችን ይይዛል፤ 62.5 ማይክሮሜትር የሆነው ደግሞ ወደ 1000 ገደማ። አንዱ ሞድ በእምብርቱ መካከል ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ሌላው ወዲያና ወዲህ እየተጣጠፈ ረዥም መንገድ ይጓዛል። በአንድ ቅጽበት የተላከ የብርሃን ምት በመድረሻው ላይ ተዘርግቶ ይደርሳል። የዚህ ምት ጅራት የሚቀጥለውን ምት ከሸፈነ ተቀባዩ አንዱን ከዜሮ መለየት ያቅተዋል።

መጠኑን እንመልከት። የእምብርቱና የሽፋኑ የስብረት መጠን በ1 በመቶ የሚለያይ፣ እምብርቱም ወጥ የሆነ ፋይበር ቢኖረን፣ በፈጣኑና በዘገየው ሞድ መካከል በአንድ ኪሎ ሜትር ወደ 50 ናኖሰከንድ የሚሆን ልዩነት ይፈጠራል። በሰከንድ 10 ጊጋቢት ስንልክ የአንዱ ቢት ዕድሜ 0.1 ናኖሰከንድ ብቻ ነው፤ በመስታወቱ ውስጥ የሚይዘው ርዝመትም 2 ሴንቲሜትር ያህል ነው። ስለዚህ በእንዲህ ያለው ፋይበር አንዱ ቢት ከኪሎ ሜትር በኋላ በ500 ተከታዮቹ ላይ ተዘርግቶ ይደርሳል ማለት ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ መስታወቱ ምን ዓይነት ነው?

ለመበተን የተሰጠው የመጀመሪያው መልስ ከመስታወቱ አሠራር የመጣ ነው። የእምብርቱ የስብረት መጠን ወጥ ከመሆን ይልቅ በመካከል ከፍ ብሎ ወደ ዳር ቀስ በቀስ እንዲቀንስ ይደረጋል። ብርሃን የስብረት መጠኑ ዝቅ ባለበት ይፈጥናል። ስለዚህ ወደ ዳር የሚወጣው ሞድ መንገዱ ቢረዝምም ፈጣን በሆነው መስታወት ውስጥ ስለሚያልፍ፣ በመካከል ቀጥ ብሎ በዝግታ ከሚሄደው ጋር ተቀራርቦ ይደርሳል። አንዱ ሹፌር አጭሩን የጭቃ መንገድ፣ ሌላው ረዥሙን የአስፋልት መንገድ ይዘው እኩል እንደሚደርሱ ማለት ነው። የስብረቱ ቅርጽ ፍጹም ቢሆን ኖሮ ያ 50 ናኖሰከንድ ወደ 0.06 ናኖሰከንድ ይወርድ ነበር።

ፍጹም ቅርጽ ግን በፋብሪካ አይገኝም። ጥቂት መዛነፍ እንኳ ትልቅ ልዩነት ታመጣለች። ስለዚህም መልቲሞድ ፋይበሮች በደረጃ ተከፍለዋል፤ መለኪያቸውም የባንድዊድዝና የርቀት ብዜት የሆነው ሜጋኸርትዝ-ኪሎሜትር ነው። ኦኤም1 የሚባለው 62.5 ማይክሮሜትሩ ፋይበር በ850 ናኖሜትር 200፣ በ1300 ናኖሜትር 500 ነው። ኦኤም2 በሁለቱም 500 ነው። ለሌዘር ተብሎ የተሠራው ኦኤም3 በ850 ናኖሜትር 2000፣ ኦኤም4 ደግሞ 4700 ይደርሳል። ከኦኤም2 ጀምሮ ያሉት አሁን በብዛት 50 ማይክሮሜትር ናቸው።

እነዚህን ቁጥሮች በርቀቱ ማካፈል የማንኛውም ጀማሪ መሐንዲስ የመጀመሪያ ሥራ ሊሆን ይገባል። እኛ አላካፈልንም ነበር። በኋላ ስለካው የዚያ ግቢ ገመድ ኦኤም1 ሆኖ ርዝመቱ 190 ሜትር ነበር። 200 ለ0.19 ሲካፈል ወደ 1050 ሜጋኸርትዝ ይሰጣል። በሰከንድ 10 ጊጋቢት በተለመደው መንገድ ለማንበብ ግን ወደ 7000 ሜጋኸርትዝ ገደማ ያስፈልጋል። ለዚህም ነው የገዛነው ዓይነት ሞጁል፣ 10ጂቤዝ-ኤስአር የሚባለው፣ በኦኤም1 ላይ 33 ሜትር ብቻ የተፈቀደለት። በኦኤም2 82፣ በኦኤም3 300፣ በኦኤም4 400 ሜትር ይሄዳል። አራት ቁጥሮችን ማንበብ ከዚያ ሁሉ ወጪ ያድነን ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ብርሃኑ እንዴት ገባ?

የተቀበረውን መስታወት መለወጥ አንችልም፤ ብርሃኑ ወደ እርሱ የሚገባበትን ሁኔታ ግን መለወጥ እንችላለን። ኤልኢዲ ብርሃኑን በእምብርቱ ላይ ሁሉ ስለሚረጭ ሞዶቹን ሁሉ ይቀሰቅሳል። ፍጥነቱም በሰከንድ ከጥቂት መቶ ሜጋቢት አይበልጥም። ወደ ጊጋቢት ሲታለፍ ሌዘር መጠቀም ግድ ሆነ፤ ሌዘር ደግሞ ብርሃኑን በጠባብ ነጥብ ላይ ያሳርፋል። ሞዶቹ ከቀነሱ መበተኑም ይቀንሳል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። በብዙ አሮጌ ፋይበሮች ላይ የታየው ግን ተቃራኒው ነው።

ምክንያቱ ከአሠራራቸው የመጣ ጉድለት ነበር። መስታወቱ ከቱቦ ውስጥ ተሠርቶ በሙቀት ሲደፈን በእምብርቱ መካከል የስብረት መጠኑ ድንገት ዝቅ የሚልበት ጉድጓድ መሰል ነጥብ ይቀራል። ኤልኢዲ ብርሃኑን በሁሉም ላይ ስለሚያከፋፍል ይህን ጉድለት ይደብቀዋል። ሌዘር ግን በትክክል በዚያ ላይ ስለሚያርፍ አንዱ ምት ለሁለት ተከፍሎ ሊደርስ ይችላል።

መፍትሔው ቀላል መስሎ የሚታይ ግን ጥልቅ ሐሳብ ነው፤ ሌዘሩን ሆን ብሎ ከመካከል አርቆ ማስገባት። በ62.5 ማይክሮሜትሩ ፋይበር ላይ ከመካከል ከ17 እስከ 23 ማይክሮሜትር፣ በ50 ማይክሮሜትሩ ላይ ከ10 እስከ 16 ማይክሮሜትር። በዚህ ጊዜ ብርሃኑ የመካከሉን ጉድለትም የዳሩንም መዛነፍ ትቶ ጉዟቸው ተቀራራቢ የሆኑትን መካከለኛ ሞዶች ብቻ ይቀሰቅሳል። ለዚህ የሚያገለግል፣ ሞድ ኮንዲሽኒንግ የሚባል ልዩ ፓች ኮርድ አለ፤ በላኪው በኩል ሲንግል ሞድ ፋይበር ከመልቲሞዱ ጋር ሆን ተብሎ ተዛንፎ የተገጠመበት አጭር ገመድ ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የጊጋቢት ኤተርኔት ደረጃ፣ 1000ቤዝ-ኤልኤክስ የሚባለው የ1300 ናኖሜትር ሞጁል በዚህ ገመድ እየታገዘ በመልቲሞድ ላይ 550 ሜትር እንዲሄድ ፈቅዷል። አጭር ፓች ኮርድ በመጨመር ብቻ የተቀበረ ገመድ አዲስ ሥራ አገኘ ማለት ነው። ኮርዱ በ850 ናኖሜትር ለሚሠሩ ሞጁሎች የማይሆን መሆኑን ግን አትርሱ።

እዚህ ላይ የንጽሕናን ነገር ላንሣ። በቡና ከተሞቻችን በበጋ የጀንፈል ገለባ አቧራ በየክፍሉ ይገባል፤ በክረምት ደግሞ እርጥበቱ ከባድ ነው። የቆሸሸ ኮኔክተር ባንድዊድዙን በቀጥታ ባይቀንስም ብርሃኑን ይቀማናል፤ የሚቀማው ብርሃን ደግሞ መበተንን ለመቋቋም ያስቀመጥነው መጠባበቂያ ነው። በጎበኘኋቸው ክፍሎች ክዳን የሌላቸው ኮኔክተሮች ብዙ ናቸው። ከሁሉ በፊት ማየትና መጥረግ ይገባል።

ሦስተኛው ጥያቄ፦ በየትኛው የሞገድ ርዝመት?

ቀደም ሲል የጠቀስሁት ኦኤም1 በ850 ናኖሜትር 200፣ በ1300 ናኖሜትር ግን 500 መሆኑን ልብ በሉ። ያው መስታወት በሌላ የሞገድ ርዝመት ሲጠየቅ ሌላ መልስ ይሰጣል። ሁለተኛም ምክንያት አለ። ማንኛውም ምንጭ ፍጹም አንድ የሞገድ ርዝመት ብቻ አያወጣም፤ የተለያዩት የሞገድ ርዝመቶችም በመስታወት ውስጥ እኩል አይፈጥኑም። ይህ መበተን በ850 ናኖሜትር ዙሪያ ጉልህ ሲሆን፣ በ1310 ናኖሜትር አካባቢ ግን ወደ ዜሮ ይጠጋል። ስለዚህ ወደ 1300 ናኖሜትር መሻገር በአሮጌ ፋይበር ላይ ሁለት ጊዜ ይጠቅማል።

የሞገድ ርዝመትን የመጠቀም ሌላው መንገድ መከፋፈል ነው። አንዱን ፈጣን ፍሰት በአንድ ቀለም ከመላክ ይልቅ አራት ዝግተኛ ፍሰቶችን በአራት ቀለሞች በአንዱ ፋይበር መላክ ይቻላል። እያንዳንዱ ፍሰት ስለሚዘገይ የቢቱ ዕድሜ ይረዝማል፤ መበተኑም ይችለዋል። 10ጂቤዝ-ኤልኤክስ4 የሚባለው ደረጃ በ1300 ናኖሜትር አካባቢ በአራት ቀለሞች እየሠራ በአሮጌ መልቲሞድ ላይ 300 ሜትር ይሄድ ነበር። ዛሬም ይኸው ሐሳብ ከ850 እስከ 940 ናኖሜትር ባሉ አራት ቀለሞች በሰከንድ 100 ጊጋቢት በኦኤም4 ላይ 100 ሜትር፣ በኦኤም5 ላይ 150 ሜትር ለማድረስ ያገለግላል።

መከፋፈል በቀለም ብቻ አይደለም። በገመዱ ውስጥ ያልተያዙ ፋይበሮች ካሉ በየጥንዱ 1 ጊጋቢት ልኮ በስዊቹ ላይ ማጣመር ይቻላል። ይህ መንገድ ክብር ባያሰጥም ብዙ ጊዜ ርካሹ ነው።

አራተኛው ጥያቄ፦ ተቀባዩ የደረሰውን እንዴት ያነባል?

በዚህ አዳራሽ ውስጥ ድምፄ ከግድግዳው እየተመለሰ ይደርሳችኋል፤ ሆኖም ቃላቱን ትለያላችሁ፤ ጆሯችሁ የገደል ማሚቶውን አውቆ ይቀንሰዋልና። ተቀባይ መሣሪያም እንዲህ ሊሠራ ይችላል። የተዘረጋውን ምት ቅርጽ ይማራል፤ ቀደም ሲል የወሰናቸው ቢቶች ጅራት አሁን በሚያነበው ላይ ምን ያህል እንደ ጨመረ ያሰላል፤ ያንኑም ይቀንሳል። የመስመሩ ጠባይ በሙቀትና በንቅናቄ ቀስ እያለ ስለሚለዋወጥ መሣሪያው ሳያቋርጥ ይማራል። ይህ በኤሌክትሮኒክስ የሚደረግ የመበተን ማካካሻ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. የጸደቀው 10ጂቤዝ-ኤልአርኤም የሚባለው ደረጃ በዚሁ ዘዴ በ1310 ናኖሜትር አካባቢ እየሠራ በኦኤም1 ላይ እንኳ 220 ሜትር በሰከንድ 10 ጊጋቢት ያደርሳል። ያው መስታወት በተለመደው ሞጁል 33 ሜትር ብቻ ይፈቅድ እንደ ነበር አስታውሱ።

ይህ ዘዴ ወሰን አለው። መበተኑ አንዳንድ ድግግሞሾችን ፈጽሞ ካጠፋ፣ የጠፋውን ለማጉላት ሲሞከር ጫጫታውም አብሮ ይጎላል፤ ያልደረሰ ነገር አይነበብም።

ለተመራማሪ ተማሪዎች ደግሞ ሌላ በር ላመልክት። በ2000 እ.ኤ.አ. ሃዋርድ ስቱዋርት በሳይንስ መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ፣ የሞዶቹ ብዛት ጠላት መሆኑ ቀርቶ በብዙ አንቴና እንደሚሠራው የሬዲዮ ግንኙነት የተለያዩ መረጃዎችን ለመሸከም ሊያገለግል እንደሚችል አሳዩ። ሞዶች በቁጥር የበዙ እንደ መሆናቸው ስሌቱ ከባድ ነው፤ ለተራው ግቢ የሚገዛ መሣሪያም አልሆነም። ሐሳቡ ግን ለመመረቂያ ጥናት የሚበቃ ነው።

ወደ ግቢው ስንመለስ

አራቱን ጥያቄዎች ይዘን ወደዚያ ግቢ ተመለስን። ኮኔክተሮቹን ጠረግን፤ ርዝመቱን ኦቲዲአር በሚባለው መሣሪያ ለካን። በመጀመሪያ ያደረግነው ወደ ኋላ መመለስ ነበር። 1000ቤዝ-ኤስኤክስ የሚባለው ተራ የ1 ጊጋቢት ሞጁል በኦኤም1 ላይ 275 ሜትር ይፈቀድለታል፤ የእኛ መስመር 190 ነው። እርሱን ስንሰካ መስመሩ ያለ ስሕተት ሠራ፤ ፍላሽ ይዞ መመላለሱም ቀረ። በዚያን ጊዜ የቤተ ሙከራውን ፍሰት ስንከታተል ከ1 ጊጋቢት የሚያልፍበት ቅጽበት እምብዛም እንዳልነበረ አየን። ይህን አስቀድመን ለክተን ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያው ግዢ ባልተደረገም ነበር።

ፍላጎቱ ሲያድግ የኤልአርኤም ሞጁሎችን ከሞድ ኮንዲሽኒንግ ፓች ኮርድ ጋር አደረግን። እዚህም ልትጠነቀቁበት የሚገባ ነገር አለ፤ በአነስተኛው የሞጁል ዓይነት ላይ ማካካሻው የሚሠራው በስዊቹ ውስጥ ስለሆነ ሁሉም ስዊች አይቀበለውም። ከመግዛታችሁ በፊት የስዊቹን መመሪያ አንብቡ። እኛ በዚህ ጊዜ አነበብን። መስመሩን ለሳምንታት ተከታትለን የስሕተት መቁጠሪያው ከዜሮ ፈቀቅ አለማለቱን ካረጋገጥን በኋላ አስረከብን።

በዚያው ግቢ እስከ መጋዘኑ የሚሄደው ሁለተኛው መስመር ግን 600 ሜትር ነበር። በእርሱ ላይ አራቱም ጥያቄዎች አንድ መልስ ሰጡ፤ አይሆንም። እዚያ ቆፈርን፤ የቀበርነውም ሲንግል ሞድ ነው። የቆፈርነው ዝናቡ ካቆመ በኋላ በበጋ ነበር። በአካባቢያችን ቀይ አፈር በክረምት የተከፈተ ቦይ ምን እንደሚሆን ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

ከዚህ ሁለት ምክሮችን እወስዳለሁ። አንደኛው፣ የተቀበረውን ገመድ አክብሩ፤ አራቱን ጥያቄዎች ሳትጨርሱ አትጣሉት። ሁለተኛው፣ አዲስ ቦይ ከተከፈተ ግን በሕንፃዎች መካከል ሲንግል ሞድ ቅበሩ። ትልቁ ወጪ ቁፋሮው ነው እንጂ መስታወቱ አይደለም፤ የሲንግል ሞድ ገመድ ከዘመናዊው መልቲሞድ እንኳ ይረክሳል። ባለፉት ዓመታት መልቲሞድን ያስመረጠው የሞጁሎቹ ዋጋ ነበር፤ ያም ልዩነት ጠብቧል። የመልቲሞድ ቦታ ዛሬ በአንድ ክፍል ወይም በአንድ ሕንፃ ውስጥ ባሉ አጫጭር መስመሮች ላይ ነው።

የኢትዮጵያ የትምህርትና የምርምር ኔትወርክ ዩኒቨርሲቲዎቻችንን እርስ በርስ ለማገናኘት የተቋቋመ ነው። ከዚያ የሚገኘው ጥቅም ግን እያንዳንዱ ግቢ በውስጡ ባለው በመጨረሻው መስመር ይወሰናል። ያንን መስመር የሚያውቀው ደግሞ እዚሁ ያለ ሰው ነው። ተማሪዎቼን የምለምነው በየከተማችሁ ያሉትን አሮጌ ገመዶች ለክታችሁ እንድትመዘግቡ ነው። ዓይነታቸውን፣ ርዝመታቸውንና የተቀበሩበትን ቦታ የያዘ አንድ ገጽ ብቻ በእጃችን ቢኖር ኖሮ ያ ክረምት ያን ያህል ባልረዘመብን ነበር።



ከተሳታፊዎች የተነሡ ጥያቄዎች

አንድ የአምስተኛ ዓመት ተማሪ፦ መምህር፣ አዲስ ገመድ ከተቀበረ አይቀር ከሁሉ የላቀውን ኦኤም5ን መቅበር አይሻልም ወይ?

መልስ፦ የኦኤም5 ብልጫ ወደ 953 ናኖሜትር በሚጠጉት የሞገድ ርዝመቶች ላይ ነው፤ በዚያ 2470 ሜጋኸርትዝ-ኪሎሜትር አለው። በ850 ናኖሜትር ላይ ግን ከኦኤም4 ጋር እኩል 4700 ነው። ስለዚህ በአራት ቀለም የሚሠሩ ሞጁሎችን ካልተጠቀምህ ተጨማሪ ገንዘብ ከፍለህ ተጨማሪ ርቀት አታገኝም። በሕንፃዎች መካከል ከሆነ ያልሁት ይጸናል፤ ሲንግል ሞድ።

ከአጋሮ የመጡ አንድ ባለሙያ፦ እኛ ዘንድ ያለውን ገመድ ማን እንደ ዘረጋው የሚያስታውስ ሰው የለም፤ ሰነድም የለም። ዓይነቱን በምን እናውቃለን?

መልስ፦ በመጀመሪያ በገመዱ ላይ የታተመውን ጽሑፍ ያንብቡ፤ 62.5/125 ወይም 50/125 የሚል ያገኛሉ። በቤት ውስጥ ገመዶች ላይ ቀለሙም ይረዳዎታል፦ ብርቱካንማ የድሮው መልቲሞድ፣ የውኃ ሰማያዊ ኦኤም3ና ኦኤም4፣ ደማቅ የሎሚ አረንጓዴ ኦኤም5፣ ቢጫ ሲንግል ሞድ ነው። የውጭው ገመድ ብዙውን ጊዜ ጥቁር ስለሆነ በቀለሙ አይታመኑ። ከሁሉ በላይ ሁለቱን ስፋቶች አያገናኙ። ኤልኢዲ በሚጠቀም መስመር ላይ ከ62.5 ወደ 50 ማይክሮሜትር ሲሻገር ወደ 4.7 ዴሲቤል ይጠፋል፤ ይህም ከብርሃኑ ሁለት ሦስተኛው ማለት ነው። ለጥገና ብሎ የተጨመረ አንድ የማይገጥም ፓች ኮርድ ጤነኛውን መስመር ሊያሳምም ይችላልና፣ መጀመሪያ የሚመረመረው እርሱ ነው።